ራም ዜሮ ሆኖ አይጠብቃችሁም

የራሳቸውን ትንሽ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) የሚጽፉ ልጆች ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ ሁሌ አንድ አይነት ነው። «ቲቸር፣ ኪው-ኢሙ (ማሽን አስመሳዩ ፕሮግራም) ላይ ምንም አይልም፣ እውነተኛ ማሽን ላይ ስንጭነው ግን ስክሪኑ ብልጭ ይልና ሪስታርት ያደርጋል።» እኔ ደሞ ኮዱን ከማየቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ሜሞሪውን ዜሮ ያደረገላችሁ ማነው? እዚህ ጋ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ፣ ምክንያቱም አንድ ሰው ሊያደርገው ይገባል ብለው አስበውት አያውቁም፣ በቃ ራም ሲጀምር ባዶ ነው ብለው ነው ኮዱን ሲጽፉ የከረሙት።

ይሄን የምጽፈው ለነሱ ነው። ስለ ከርነል ዲበጊንግ በአማርኛ የሚነበብ ነገር እንዲኖራቸው እፈልጋለው፣ ይቺ ነገር ደሞ ቀድማ ከገባች ብዙ ሌሊት ታተርፋለች።

መጀመሪያ ኪው-ኢሙ ለምን እንደሚሸፍንላችሁ። ኪው-ኢሙ ላፕቶፓችሁ ላይ እንደማንኛውም ፕሮግራም የሚሮጥ ፕሮግራም ነው፣ ውስጡ ላለው ማሽን የሚሰጠውን ራም (ፒሲ ላይ ምንም ካላላችሁት 128 ሜጋባይት ነው) የሚጠይቀው ከናንተው ሊኑክስ ነው፣ ሊኑክስ ደሞ ለፕሮግራሞች አዲስ ፔጅ (የሜሞሪ ቁራጭ) ሲሰጥ ዜሮ አድርጎ ነው የሚሰጠው፣ የሌላ ፕሮግራም ፓስወርድ ምናምን ተርፎ እንዳይታይ። ስለዚ ከርነላችሁ ኪው-ኢሙ ውስጥ ሲነሳ ማንም ያልነካው ቦታ ሁሉ ዜሮ ነው። ዜሮ ደሞ ለከርነል ኮድ በጣም የሚመች ቁጥር ነው እኮ፣ ናል ፖይንተር (የትም የማያመለክት አድሬስ) ዜሮ ነው፣ ያልተቆለፈ ሎክ አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ ነው፣ የሊስት መጨረሻ ዜሮ ነው፣ ፔጅ ቴብል (የትኛው አድሬስ ራም ላይ የት እንዳለ ለፕሮሰሰሩ የሚናገር ሰንጠረዥ) ላይ «እዚህ ቦታ ምንም የለም» የሚለው ቢትም ዜሮ ነው። ኢኒሻላይዝ ሳይደረግ (መነሻ ዋጋ ሳይሰጠው) የቀረ ነገር ሁሉ በአጋጣሚ ትክክል ሆኖ ይነበባል ማለት ነው።

እውነተኛው ማሽን ላይ ግን እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት ባዮሱ ሮጧል፣ ቡትሎደሩ (ከርነሉን ሜሞሪ ላይ የሚጭነው ፕሮግራም) ሮጧል፣ ሪስታርት ከሆነ ደሞ ከነሱም በፊት ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነበረ። ሁሉም የጻፉትን ጽፈው ጥለው ነው የሚሄዱት፣ ከናንተ በፊት የገባው አስተማሪ ሳያጠፋው የወጣ ብላክቦርድ በሉት። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ እንኳን ዲራም (የራሙ ቺፕ) ወዲያው አይጠራም፣ 2008 ላይ የፕሪንስተን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ዳታው ለሰከንዶች ይቆያል፣ ቺፑ ከቀዘቀዘ ደሞ ለደቂቃዎች፣ ከዛ በኋላም ቢሆን ሁሉም ወደ ዜሮ አይወርድም፣ አንዳንዱ ሴል ወደ 0 አንዳንዱ ወደ 1 ነው የሚወድቀው። ስለዚ እዚህ ሀዋሳ «መብራት ሄዶ ሲመጣ ይሰራል፣ ሪስታርት ስናደርገው ግን አይሰራም» የሚል ነገር ካጋጠማችሁ ፓወር ሰፕላይ ልትገዙ ፒያሳ ከመሮጣችሁ በፊት ኮዳችሁ ያልጻፈውን ሜሞሪ እያነበበ እንደሆነ ጠርጥሩ። ራሙ ሁለቱ ጊዜ ላይ የያዘው ነገር የተለያየ ነው፣ ከርነላችሁም የተለያየ ነገር ያያል።

አሁን አንድ ኬዝ በደንብ ላሳያችሁ።

በቅርቡ ሁለት ተማሪዎች፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክታቸውን ተሸክመው አቶቴ ቤቴ ድረስ መጡ። ተሸክመው ስል የምሬን ነው፣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ ባጃጅ ላይ ጭነው፣ 2 ጊጋባይት ራም ያለው፣ ከጀርባው ሲሪያል ፖርት ያለው የድሮ ማሽን። ለከርነል ስራ እንዲህ አይነት ማሽን ወርቅ ነው። ከርነሉ 64 ቢት ነው፣ በሲ እና በትንሽ አሴምብሊ የተጻፈ፣ ላፕቶፕ ላይ ሲሞክሩት በኪው-ኢሙ የ«ከርነል» ኦፕሽን ቀጥታ ያስነሱታል፣ ዴስክቶፑ ላይ ደሞ ግራብ የሚባለው ቡትሎደር ያለበት ፍላሽ ነው ሚሰኩት። ይቺን ልዩነት ያዟት፣ በኋላ ትመጣለች።

ልጅቷ ስልኳን አወጣችና «ቲቸር ይዩት» ብላ በስሎው ሞሽን የቀረጸችውን ቪዲዮ አሳየችኝ፣ ስክሪኑ ላይ «ሜሞሪ ስታርት» የምትል መስመር ለቅጽበት ትወጣለች ከዛ ጥቁር ይሆናል። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ሌላ መንገድ ሲጠፋ እንዲህ ነው ሚደረገው። ግን ከቪዲዮ የተሻለ ነገር አለ፣ ማሽኑን እንዲቆም ማድረግ። ሪስታርት የሚያደርገው ለምን መሰላችሁ፣ ፕሮሰሰሩ የሆነ ስህተት ያጋጥመዋል፣ ስህተቱን የሚይዝለት ሀንድለር ይፈልጋል፣ የለም፣ ይሄ ሁለተኛ ስህተት ይሆናል እሱም ደብል ፎልት ይባላል፣ የሱንም ሀንድለር ሲያጣ ሶስተኛ ላይ ትሪፕል ፎልት ይሆንና እጁን ይሰጣል፣ ማዘርቦርዱም ሪሴት ያደርገዋል። ችግሩን የሚነግራችሁ መረጃ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ኪው-ኢሙ ላይ ከሆናችሁ «ኖ-ሪቡት» የሚለውን ኦፕሽን ጨምሩና ኢንተራፕቶቹን ሎግ እንዲያደርግ አዝዙት፣ እያንዳንዱን ኤክሴፕሽን (ፕሮሰሰሩ የሚያነሳውን ስህተት) ከነሬጂስተሮቹ (ከፕሮሰሰሩ የራሱ ትንንሽ ማስቀመጫዎች) ይጽፍላችኋል። እውነተኛ ማሽን ላይ ግን ራሳችሁ ናችሁ ምትሰሩት።

የልጆቹ ኮድ አይዲቲውን (ለየኤክሴፕሽኑ ሀንድለሩ የት እንዳለ የሚናገረውን ሰንጠረዥ) የሚያዘጋጀው ከሜሞሪው በኋላ ነበር፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው ሚያደርገው፣ ቅደም ተከተሉ ደስ ስለሚል። መጀመሪያ ያስደረኳቸው ነገር እሱን ወደ ላይ ማምጣት ነው። አይዲቲ አሎኬተር (ሜሞሪ የሚያድል ኮድ) አይፈልግም፣ ስታቲክ አሬይ ይበቃዋል፣ ለመጀመሪያዎቹ 32 ኤክሴፕሽኖች አንድ ቀላል ሀንድለር፣ የኤክሴፕሽኑን ቁጥር፣ ኤረር ኮዱን፣ አርአይፒን (ፕሮሰሰሩ የነበረበትን የኮድ አድሬስ)፣ ሲአር2ን (ፔጅ ፎልት ያስነሳውን አድሬስ) እና ሌሎቹን ሬጂስተሮች ስክሪንና ሲሪያል ፖርት ላይ ጽፎ ኢንተራፕት ዘግቶ ሃልት የሚያደርግ። ሀንድለሩ ምንም አሎኬት እንዳያደርግ፣ እንዳያስብ፣ በቃ ይጻፍና ይቁም። እኔ ለማንኛውም ከርነል ከሁሉም ነገር በፊት ይሄ ይቅደም ነው የምለው፣ ከሜሞሪውም ከቲመሩም ከኪቦርዱም በፊት።

ቆመ። ልጁ «ፔጅ ፎልት ይሆናል፣ 14» ብሎ ነበር፣ የወጣው ግን 13 ነው፣ ጄኔራል ፕሮቴክሽን ፎልት፣ ኤረር ኮድ 0፣ ሲአር2 ላይ ምንም የለም። አርአይፒውን ወስደን በአድር-ቱ-ላይን (አድሬስን ወደ ኮድ መስመር በሚቀይር ቱል) ከከርነሉ ኤልፍ ፋይል (ኮምፓይል ከተደረገው ፕሮግራም) ጋር ስናየው ማፕ የምታደርገዋ፣ ማለትም ፔጅ ቴብሉን የምትሞላዋ ፈንክሽን ውስጥ ነው ያረፈው፣ የቀጣዩን ሌቭል ፔጅ ቴብል የምታነብበት መስመር። ሬጂስተሮቹ መሀል ደሞ አንዱ በሄክስ (በ16 ቤት አቆጣጠር) 6656420746000 ይዟል።

እዚህ ጋ ለሁለት ነገር ቆም እንበል። አንደኛ ለምን 13 ሆነ 14 ያልሆነው። 64 ቢት ኢንቴልና ኤኤምዲ ላይ በተለመደው ባለ 4 ደረጃ ፔጂንግ አድሬስ 48 ቢት ነው ሚጠቀመው፣ ከዛ በላይ ያሉት ቢቶች የ47ኛዋ ቢት (ከ0 ሲቆጠር) ቅጂ መሆን አለባቸው፣ ካልሆኑ አድሬሱ «ካኖኒካል» አይደለም ይባላል፣ ፕሮሰሰሩም ፔጅ ቴብሉን እንኳን ሳይመለከት 13 ነው ሚወረውረው፣ ሲአር2ንም አይሞላም። ስለዚ ከርነል ውስጥ ተራ የሜሞሪ ንባብ ላይ 13 ካያችሁ ፖይንተሩ ቆሻሻ ነው ብላችሁ ጀምሩ፣ ትንሽ የተዛነፈ ሳይሆን ጭራሽ ፖይንተር ያልሆነ ነገር ነው።

ሁለተኛው ቁጥሩ ራሱ ነው። «ራንደም ነው» አለች ልጅቷ። እስቲ በሁለት በሁለት ክፈዪው አልኳት፣ 65፣ 64፣ 20፣ 74። በሄክስ ከ61 እስከ 7ኤ ያለው የእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው፣ 20 ደሞ ስፔስ ነው። ራንደም ቁጥር እንዲህ አይሰለፍም፣ ጽሁፍ ነው እንጂ። ማፕ ፈንክሽኗ የታችኛዎቹን 12 ቢቶችና የላይኛዎቹን ስለምትቆርጥ ሬጂስተሩ ላይ የቀረው መሀሉ ብቻ ነው፣ ስለዚ ያልተቆረጠውን ኢንትሪ ፕሪንት አስደረግናት፣ 6166656420746573 ወጣ። ማሽኑ ሊትል ኢንዲያን ስለሆነ ከቀኝ ወደ ግራ ነው ሚነበበው፣ 73 65 74 20 64 65 66 61፣ በፊደል ኤስ፣ ኢ፣ ቲ፣ ስፔስ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ። ልጁ ከወንበሩ ተነሳ፣ ምክንያቱም የግራብ ኮንፊግ ፋይላቸው ላይ በገዛ እጁ የጻፋት የመጀመሪያዋ መስመር ናት፣ የትኛው ሜኑ ቀድሞ እንደሚመረጥ የምትናገረዋ «ሴት ዲፎልት»። ግራብ ኮንፊጉን አንብቦበት የተወው ሜሞሪ ነው እንደ ፔጅ ቴብል እየተነበበ ያለው።

እንዴት እዛ ደረሰ? ማፕ ፈንክሽኗ የምትሰራው እንዲህ ነው፣ ወደ ቀጣዩ ሌቭል ልትወርድ ስትል የኢንትሪውን የመጀመሪያ ቢት ታያለች፣ ፕሬዘንት የሚባለውን፣ 0 ከሆነ ከፍሬም አሎኬተሩ አዲስ 4096 ባይት ትወስድና ታስገባለች፣ 1 ከሆነ አለ ብላ በአድሬሱ ትወርዳለች። ትክክል ነው። ግን አሎኬተሩ የሰጣትን አዲስ ፍሬም ማንም ዜሮ አላደረገውም፣ 512ቱ ኢንትሪዎች ላይ የነበረው ነገር እንዳለ ነው። 73 በባይነሪ 01110011 ነው፣ የመጨረሻዋ ቢት 1 ናት፣ ስለዚ «አለ» ተብሎ ተነበበ፣ ተወረደበት። ላፕቶፑ ላይ ደሞ ግራብ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም፣ ኪው-ኢሙ ራሱ ነው ከርነሉን የሚጭነው፣ ስለዚ ፍሬሙ ንጹህ ዜሮ ነበር። ለፔጅ ቴብል የሚሆን ፍሬም የሚሰጥ አንድ ለብቻው የሆነ ፈንክሽን ሰራንላት፣ ወስዶ በሜምሴት (ሜሞሪን በአንድ ባይት በሚሞላ ፈንክሽን) አጥቦ የሚመልስ፣ ፔጅ ቴብል ሌላ በር እንዳይኖረው። ተነሳ።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ ቢያልቅ ትርጉም የለውም፣ አንድ ቦታ ተገኘ ማለት ሌላ ቦታ የለም ማለት አይደለም እኮ። ስለዚ ማስተካከያውን መልሰን አወጣነውና ስህተቱን ላፕቶፑ ላይ እንዲታይ የማድረጉን ስራ ጀመርን። ዘዴው አሮጌ ነው፣ ሜሞሪውን ሆን ብሎ ማቆሸሽ። ፍሬም አሎኬተሩ ፍሬም ሲሰጥም ሲመለስለትም በሆነ ባይት ይሞላዋል። የኤምአይቲ ማስተማሪያ ከርነል ኤክስቪ6 ሪስክ-ፋይቭ ለሚባለው የፕሮሰሰር አይነት በተጻፈው ቅጂው ላይ በትክክል ይሄን ያደርጋል፣ ሲመለስ በ1 ይሞላል፣ ሲሰጥ በ5 ይሞላል፣ ከዛ ፔጅ ቴብል የሚሰራው ኮድ ራሱ ተጠንቅቆ ዜሮ ያደርጋል።

ልጁ «በሄክስ ኤኤ እንሙላው» አለ፣ ብዙ ቦታ ኤኤ ስለሚታይ። ሞላነው፣ ምንም አልተፈጠረም፣ ከርነሉ አምሮበት ተነሳ! እዚህ ጋ ያለችው ነገር በጣም ነው ደስ የምትለኝ። ኤኤ በባይነሪ 10101010 ነው፣ የመጨረሻዋ ቢት 0 ናት፣ ስለዚ በኤኤ የተሞላ ፔጅ ቴብል ለፕሮሰሰሩም ለማፕ ፈንክሽኗም ልክ እንደ ባዶ ነው ሚታየው፣ ሁሉም ኢንትሪ «የለም»። ቆሻሻው ራሱ ስህተቱን ደበቀው። 5 ላይ ስንቀይረው 00000101፣ ፕሬዘንት ቢቷ 1 ናት፣ ኢንትሪው በሙሉ 0505050505050505 ይሆናል፣ እሱም ከላይና ከታች ሲቆረጥ ካኖኒካል አይደለም፣ ኪው-ኢሙ ላይ ወዲያው 13፣ ያው መስመር ላይ። ዴስክቶፑን ማብራት እንኳን አላስፈለገንም። ስለዚ ለፔጅ ቴብል የምትመርጡት ቆሻሻ ጎዶሎ ቁጥር ይሁን፣ 1፣ 5፣ ወይ ሊኑክስ እንደሚጠቀመው በሄክስ 6ቢ፣ ሪስክ-ፋይቭ ላይም ቫሊድ የምትባለው ቢት የመጀመሪያዋ ስለሆነች ያው ነው።

ሌላ ማወቅ ያለባችሁ፣ በቆሻሻው ቴብል የሚወርደው የናንተ ኮድ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ራሱ ከሆነ 14 ነው ሚመጣው፣ ያኔ ኤረር ኮዱን እዩት። የመጀመሪያዋ ቢት ፔጁ አለ ወይ የለም ትላለች፣ ሁለተኛዋ መጻፍ ነበር ወይ ማንበብ፣ ሶስተኛዋ ከዩዘር (ከተራ ፕሮግራም) ነው ወይ ከከርነል፣ አራተኛዋ ደሞ (ዋጋዋ 8) ኢንትሪው ላይ መነካት የሌለባቸው ሪዘርቭድ ቢቶች 1 ሆነው ተገኙ ማለት ነው። ኤረር ኮድ 9 ካያችሁ፣ 8 ሲደመር 1፣ ፔጅ ቴብላችሁ ውስጥ ያልጻፋችሁት ነገር አለ ለማለት ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። ብዙ ሰው 14 የሚለውን ብቻ አይቶ ሲአር2 ላይ ሲቆፍር ይውላል።

ቆሻሻውን አሎኬተሩ ላይ እንዳለ ትተነው ሲቀጥሉ እዛው ማታ ሌላ አንድ ተያዘ፣ የፕሮሰስ ስትራክቸሩ ላይ «ቀጣይ» የምትለዋ ፖይንተር ማንም ዋጋ ሰጥቷት አያውቅም፣ ዜሮ ስለነበረች ብቻ ሊስቱ ሲያልቅ ይቆም ነበር። 0505 ብላ ወጣች። እንዲህ አይነቱ ስህተት ዴስክቶፑ ላይ ቢሆን ከወር በኋላ፣ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ነገር መስሎ ነው ሚመጣው።

ስለ ቢኤስኤስ ደሞ ላውራ፣ ምክንያቱም የራሳቸውን ቡትሎደር የሚጽፉት ሁሌ እዚህ ነው ሚወድቁት። ዋጋ ያልሰጣችኋቸው ግሎባል ቫሪያብሎች ቢኤስኤስ ውስጥ ነው ሚቀመጡት፣ ሲ ዜሮ ናቸው ብሎ ቃል ይገባላችኋል፣ ግን ቃሉን የሚፈጽመው ኮምፓይለሩ አይደለም፣ የሚጭነው አካል ነው። ፋይሉ ውስጥ ቦታ እንኳን የላቸውም፣ ኤልፍ ሄደሩ ላይ «ሜሞሪ ላይ ይሄን ያህል፣ ፋይል ላይ ግን ይሄን ያህል ብቻ» ተብሎ ነው የተጻፈው፣ ልዩነቱን ዜሮ ማድረግ የጫኚው ስራ ነው። ግራብ ያደርገዋል። እናንተ ከርነሉን ወደ ጥሬ ባይነሪ ቀይራችሁ ሴክተር በሴክተር ወደ ሜሞሪ የምትገለብጡት ከሆነ ግን ማንም አያደርግላችሁም፣ በገዛ እጃችሁ ከሊንከር ስክሪፕቱ (የከርነሉ ክፍሎች ሜሞሪ ላይ የት እንደሚቀመጡ ከሚወስነው ፋይል) የቢኤስኤስ መጀመሪያና መጨረሻ ሲምቦል ወስዳችሁ ማጠብ አለባችሁ።

ሲታጠብም ቅደም ተከተል አለ። ቡትሎደሩ በሬጂስተር የሰጣችሁን የሜሞሪ መረጃ ፖይንተር መጀመሪያ ግሎባል ቫሪያብል ላይ አስቀምጣችሁ ከዛ ቢኤስኤስን ካጠባችሁ ፖይንተሩም አብሮ ታጠበ፣ ቀጥሎ አድሬስ 0 ላይ ያለውን እንደ ሜሞሪ ማፕ ታነባላችሁ። ከዚህ የባሰው ስታካችሁ (ፈንክሽኖች የመመለሻ አድሬሳቸውን የሚያስቀምጡበት ሜሞሪ) ቢኤስኤስ ውስጥ ሆኖ (አብዛኛው ሰው እዛ ነው ሚያስቀምጠው) አጣቢዋ የሲ ፈንክሽን ስትሆን ነው፣ የራሷን የመመለሻ አድሬስ ዜሮ ታደርግና ስትጨርስ ወደ 0 ትመለሳለች። እሱን ስራ አሴምብሊ ላይ፣ ምንም ኮል ከማድረጋችሁ በፊት ጨርሱት። ሜምሴትን ራሳችሁ በሲ ስትጽፉም ተጠንቀቁ፣ ጂሲሲ (የሲ ኮምፓይለሩ) ኦፕቲማይዜሽን ሲበራ ሉፑን አይቶ «ይሄማ ሜምሴት ነው» ይልና ሉፑን ወደ ሜምሴት ጥሪ ይቀይረዋል፣ ሜምሴት ሜምሴትን እየጠራች ስታኩ እስኪያልቅ ትወርዳለች። ዲስአሴምብል አድርጋችሁ እዩ፣ ውስጧ የራሷን ስም የሚጠራ ኮል ካለ እሱ ነው።

የሜሞሪ ማፑስ? ባዮሱን በኢ820 (የሜሞሪ ዝርዝር በሚሰጠው የባዮስ ጥሪ) ጠይቃችሁም ሆነ ከግራብ ተቀብላችሁ የሚመጣላችሁ ዝርዝር ነው፣ መነሻ፣ ርዝመት፣ አይነት። አይነት 1 ብቻ ነው ነጻ። ኪው-ኢሙ የሚሰጣችሁ ዝርዝር የተስተካከለ ነው፣ እውነተኛ ባዮስ ግን ያልተደረደረ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበ፣ ርዝመቱ 0 የሆነ ሁሉ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ተደራርቦ ከመጣ ሁሌ ነጻ ያልሆነውን እመኑ። በመልቲቡት (ግራብ ለከርነል መረጃ በሚያቀብልበት ደንብ) የሚመጣው ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ፣ እያንዳንዱ ኢንትሪ መጀመሪያ ላይ «ሳይዝ» የሚል 4 ባይት አለው ግን ሳይዙ ራሱን አይቆጥርም፣ ወደ ቀጣዩ ለመሄድ ሳይዝ ሲደመር 4 ነው፣ 4ቱን የረሳ ሰው ከሁለተኛው ኢንትሪ ጀምሮ የሚያነበው ቆሻሻ ነው። እና ቢትማፓችሁን (የትኛው ፍሬም እንደተያዘ የምትመዘግቡበትን) ከርነሉ ካለቀበት ቦታ ቀጥሎ ከማስቀመጣችሁ በፊት ያ የግራብ ዝርዝር ራሱ የት እንዳለ እዩ፣ እዛው ሊሆን ይችላል፣ እያነበባችሁት እላዩ ላይ ትጽፋላችሁ። እኔ የምወደው አሰራር ዝርዝሩን መጀመሪያ ወደ ራስ አሬይ መገልበጥ፣ ቢትማፑን በሙሉ «ተይዟል» ብሎ መጀመር፣ ከዛ አይነት 1 የሆነውን ብቻ መፍታት፣ ከዛ ከርነሉን፣ ቢትማፑን እና የመጀመሪያውን 1 ሜጋባይት መልሶ መያዝ ነው። የተረሳ ነገር ካለ በዚህ መንገድ የምታጡት ትንሽ ሜሞሪ ነው፣ በተቃራኒው ግን ማሽኑ የሚጠቀምበትን ቦታ ነው ምትሰጡት።

ትልልቆቹም ይሄ ችግር አለባቸው፣ ተማሪ ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሊኑክስ ላይ ከርነሉ ሜሞሪ ከሚጠይቅባቸው ፈንክሽኖች ኬማሎክ እንዳለ ነው ሚሰጣችሁ፣ ኬዛሎክ ዜሮ አድርጎ። የስለብ ዲበግ (የአሎኬተሩ ስህተት መፈለጊያ) ሲበራ የተለቀቀ ሜሞሪ በ6ቢ ይሞላል፣ ስለዚ ሊኑክስ ሲወድቅ ሬጂስተሮቹ ላይ 6ቢ6ቢ6ቢ ካያችሁ የተለቀቀ ነገር እየተነካ እንደሆነ ጠርጥሩ። 2019 ላይ በወጣው 5.3 ላይ አሎኬት የሚደረገውን ሁሉ ዜሮ የሚያደርግ የቡት ኦፕሽን ገባ። እንዲህ አይነቱን የሚፈልጉት ለመውደቅ ብቻ ብለው አይደለም፣ መረጃ እንዳይወጣም ጭምር ነው፣ ስትራክት ውስጥ አንድ ካር እና አንድ ኢንት ካለ መሀላቸው አብዛኛውን ጊዜ 3 ባይት ክፍተት ይኖራል፣ ፊልዶቹን አንድ በአንድ ሞልታችሁ ስትራክቱን በሙሉ ወደ ዩዘር ብትገለብጡት በነዛ 3 ባይቶች ከርነሉ ስታክ ላይ የነበረ ነገር ይወጣል።

እዚህ ላይ የኔ አቋም ግልጽ ነው። ሰው እጅ ላይ የሚገባ ሲስተም ላይ ዜሮ ይደረግ፣ እናንተ እየጻፋችሁት ባለው ላይ ግን ዜሮ አታድርጉ፣ አቆሽሹት፣ እዛ ላይ የምትፈልጉት እንዲወድቅ ነው። 2022 ላይ ሊኑክስ 6.1 ላይ የገባው ኬምሳን ይሄን ጥግ ድረስ ይወስደዋል፣ በክላንግ (ሌላ የሲ ኮምፓይለር) ብቻ ነው ሚገነባው፣ የእያንዳንዷን ቢት ተጽፎባታል ወይስ አልተጻፈባትም የሚለውን ለብቻ ይመዘግባል፣ ያልተጻፈባት ዋጋ ኢፍ ላይ ስትደርስ ወይ ወደ ዩዘር ስትወጣ የት እንደተፈጠረችም ጭምር ይነግራችኋል። ለዛ ሲል ለእያንዳንዱ ፔጅ ሁለት ተጨማሪ ፔጅ ይበላል፣ የድሮ ላፕቶፕ ላይ አትሞክሩት፣ ያንቃል። ለራሳችሁ ትንሽ ከርነል ግን አሎኬተሩ ላይ የምትጨመር አንዲት የሜምሴት መስመር ብዙውን ታገኝላችኋለች።

ልጆቹ ማሽናቸውን መልሰው ጭነው ሄደዋል፣ አሁን የጓደኛቸው 4 ጊጋባይት ማሽን ላይ እየሞከሩት ነው፣ እዛ ደሞ ከ4 ጊጋ በታች ያለው ቦታ ከፊሉ ለፒሲአይ ዲቫይሶች ስለሚሰጥ የተገፋው ራም ከ4 ጊጋ በላይ ሆኖ ነው ሚታየው፣ መነሻ አድሬሱን 32 ቢት ቫሪያብል ላይ ከያዛችሁት ላዩ ይቆረጥና ከታች ያለ፣ ቀድሞ የተያዘ ቦታ መስሎ ይመጣል፣ ስለዚ ሁለቱንም፣ መነሻውንም ርዝመቱንም፣ በ64 ቢት ያዙ። እንዲህ አይነት ነገር ገጥሟችሁ ልትጽፉልኝ ስትሉ የኤክሴፕሽኑን ቁጥር፣ ኤረር ኮዱን፣ አርአይፒን፣ ሲአር2ን እና ከርነላችሁ ያየውን የሜሞሪ ማፕ በሙሉ አያይዙልኝ፣ በስልክ የተነሳ ፎቶም ይሁን ችግር የለውም፣ ቁጥሮቹ እስከተነበቡ ድረስ።